አንድ ሰው ብቻውን የማይችለው ሥራ፤ የቦምባይ ምሳ አመላላሾች ሥርዓትና ድርሻ

በእጁ ጥበብ ወይም በጉልበቱ ሰውን እያገለገለ የሚኖር ሰው ሥራው ሲበዛለት ደስ ይለዋል፤ ጥቂት ቈይቶ ግን ይጨነቃል። ልብስ ሰፊውን መመልከት ይበቃል። ደንበኞቹ ዐሥር ሲሆኑ የእያንዳንዱን የትከሻና የእጅጌ ልክ፣ የከፈለውንና ያልከፈለውን፣ ልብሱን የሚወስድበትን ቀን በልቡ ይዞ ይሠራል፤ ጨርቅ ሳይቀያየር፣ ቀን ሳይዛነፍ ሁሉም ይፈጸማል። ደንበኞቹ አርባ የሆኑ እንደ ሆነ ግን ልቡ አይበቃም። የአንዱን እጅጌ በሌላው ልክ ይቈርጣል፤ ለፋሲካ የተባለው ቀሚስ ከፋሲካ በኋላ ይደርሳል። ረዳት ይቀጥራል፤ ረዳቱም የጌታውን ልብ ከፍቶ ማንበብ አይችልምና ነገሩን ሁሉ እየመጣ ይጠይቃል። ጌታው ሲታመም ሱቁ ይዘጋል። ረዳቱ ሥራውን አጥርቶ ያወቀ ቀን ደግሞ ከመንገዱ ማዶ የራሱን የስፌት መኪና አቁሞ የደንበኞቹን እኩሌታ ይዞ ይሄዳል።

ሽማግሌዎች ስለዚህ ነገር ሲነጋገሩ ብዙ ጊዜ ጥፋቱን በረዳቱ ላይ ያደርጉታል፤ ውለታ ቢስ ነው ይሉታል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ረዳቱ በዚያ ሱቅ ውስጥ ዕድሜውን ሁሉ ቢደክም የእርሱ የሚሆን ነገር አንዳች አላየም፤ ከደመወዙ በቀር የሚጠብቀው የለም። ጌታውም ሥራውን በልቡ እንጂ በመዝገብ ስላላኖረው፣ እንኳን ለረዳቱ ለገዛ ልጁም ሊያወርሰው አይችልም። እንግዲህ ጕድለቱ ሁለት ነው፤ አንደኛው የሥርዓት ጕድለት፣ ሁለተኛው የድርሻ ጕድለት። ብዙ ሰው እነዚህን ለያይቶ ያያቸዋል። ዳሩ ግን አንዱ ያለ ሌላው እንደማይቆም በሕንድ አገር ያሉ ጥቂት ሺህ ድኾች ገበሬዎች ከመቶ ዓመት በላይ በሠሩት ሥራ ይታያል።

በሕንድ አገር በምዕራቡ ጠረፍ ቦምባይ የምትባል ታላቅ የወደብ ከተማ አለች፤ ከ1995 ወዲህ ስሟ ሙምባይ ተብሏል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በሕንድ አገር መንገደኛ ጭኖ የሄደ የመጀመሪያው ባቡር በ1853 የተነሣው ከዚህችው ከተማ ነው። ከተማይቱ ወደ ባሕር እንደ ምላስ በወጣ ጠባብ ምድር ላይ የተሠራች ናትና ወደ ጎን ለመስፋት አልቻለችም፤ ወደ ሰሜን ብቻ እየረዘመች ሄደች። መሥሪያ ቤቶቹና ባንኮቹ በደቡቡ ጫፍ ቀሩ፤ የሠራተኞቹ ቤት ግን ከዓመት ወደ ዓመት ወደ ሰሜን እየራቀ ሄደ። ማልዶ በባቡር የወጣ ሠራተኛ ለምሳ ወደ ቤቱ ተመልሶ ሊመጣ አይችልም። ምሳውን ይዞ እንዳይሄድ፣ እርሱ ሲወጣ ምሳው ገና አልተሠራም፤ በጧት ባቡር ያለው ግፊያም ዕቃ የሚያስይዝ አይደለም።

በምግብ ቤት ለምን አይበላም የሚል ይኖራል። የሕንድ ሰዎች የሃይማኖታቸውና የወገናቸው ሥርዓት በመብል ላይ እጅግ ጽኑ ነው። አንዱ ሥጋ ከቶ አይቀምስም፤ ሌላው ከሥጋ አልፎ ሽንኩርትን እንኳ አይነካም፤ ሙስሊሙ በሥርዓቱ ያልታረደውን አይበላም። ጾምና ፍስክ በሚለይበት፣ የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ለየብቻ በሚሸጥበት አገር ላለ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ከዚህም ጋር የቤት ምግብ በዋጋ ይረክሳል፤ ሆድንም አይጎዳም።

ማሃዴዎ ሃቫጂ ባቼ የሚባሉ ሰው በ1890 መቶ ያህል ሰዎች ሰብስበው ምሳን ከቤት ወደ መሥሪያ ቤት የማመላለስ ሥራ ጀመሩ። የመጀመሪያው ደንበኛ ማን እንደ ነበረ አንዱ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ይተርካል፤ ለዚህ ትምህርት ግን የደንበኛው ስም አያስፈልግም። አመላላሾቹ ከፑኔ ከተማ አጠገብ ካሉት ተራራማ መንደሮች የመጡ ገበሬዎች ነበሩ፤ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸውም እስከ ዛሬ ከእነዚያው መንደሮች ይመጣሉ። በአገራቸው ቋንቋ ዳባዋላ ይባላሉ፤ ዳባ ማለት ክዳን ያለው የብረት ምሳ ዕቃ ነው። (መናኝ ከሚለብሰው ዳባ ጋር በድምፅ ብቻ ይገናኛል።) ሥራው እየበዛ ሄዶ በ2010ዎቹ ዓመታት 5,000 ያህል ሰዎች በየቀኑ ከ130,000 እስከ 200,000 የሚገመት ምሳ ዕቃ ያደርሱ ነበር። የደረሰው ሁሉ ባዶውን ተመልሶ ወደየቤቱ ስለሚገባ የጕዞው ቍጥር እጥፍ ነው።

የአንዱን ምሳ ዕቃ መንገድ ተከትሎ መሄድ ነገሩን ያስረዳል። በኢትዮጵያ የሰዓት አቈጣጠር ከጧቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን አመላላሹ በቢስክሌት ወይም በእግሩ እየዞረ ከየቤቱ ደጅ ምሳ ዕቃዎቹን ይቀበላል፤ አንድ ሰው ሠላሳ ያህል ቤቶች አሉት። ሁሉንም ይዞ በአካባቢው ወዳለው የባቡር ጣቢያ ይመጣል። በዚያ ከሌሎች ሰፈሮች የመጡ ጓደኞቹ ይጠብቁታል። እንግዲህ ምሳ ዕቃዎቹ ይደባለቃሉ፤ በመጡበት ሳይሆን በሚሄዱበት ጣቢያ እንደ ገና ተለይተው በረጃጅም የእንጨት ሣጥኖች ይደረደራሉ። ባቡሩ ሲቆም ሣጥኖቹን ለጓዝ በተለየው ክፍል ይጭኗቸዋል። ባቡሩ አይጠብቃቸውም፤ በትልቁ ጣቢያ አርባ ሴኮንድ ያህል፣ በመንገድ ባለው ትንሽ ጣቢያ ሃያ ሴኮንድ ያህል ብቻ አላቸው። በደቡብ ሲደርስ ሌሎች ሰዎች ያወርዱታል፤ ዳግመኛም በየመንገዱና በየሕንጻው ይለዩታል፤ በጭንቅላታቸው ተሸክመው ወይም በእጅ ጋሪ ገፍተው እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ድረስ ከባለቤቱ ያደርሱታል። ከበላ በኋላ ያው ሰው ባዶውን ይቀበላል፤ መንገዱም በመጣበት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ወደ ማታ ምሳ ዕቃው ከተነሣበት ቤት ይገባል።

በዚህ ጕዞ አንዱ ምሳ ዕቃ ቢያንስ ሦስትና አራት ሰዎች እጅ ያልፋል። የመጀመሪያው ሰው የመጨረሻውን ደንበኛ አያውቀውም፤ የመጨረሻው ሰው ምሳውን የሠራችውን ሴት አላያትም። ጽሕፈት ቤት የለ፣ በየጣቢያው የሚቈጣጠር ሹም የለ፣ የመንገድ ደብዳቤ የለ። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ትምህርታቸው ጥቂት ነው፤ በቀደመው ዘመን ደግሞ ፊደል ያልቈጠሩ ነበሩ። ታዲያ ነገሩ እንደ ምን ሳይምታታ ይሄዳል?

መልሱ በምሳ ዕቃው ክዳን ላይ ነው። በክዳኑ መካከል ጐላ ብሎ የተጻፈ ቍጥር አለ፤ እርሱም ምሳ ዕቃው የሚወርድበትን ሰፈር ያመለክታል። በዳር በኩል ደግሞ በዚያ ሰፈር የሚያደርሰው ሰው ቍጥር፣ የሕንጻው ምልክት የሚሆኑ ፊደላትና ደንበኛው ያለበት ፎቅ ቍጥር ይጻፋሉ። የቀለሙ ዓይነትና የምልክቱ ቅርጽ ምሳ ዕቃው የተነሣበትን ጣቢያ ያሳያል፤ በማታ መልስ የሚጠቅመው ይህ ነው። ፊደል በማይታወቅበት በመጀመሪያው ዘመን በቀለም ክርና በቍራጭ ጨርቅ ይለዩ እንደ ነበር ይነገራል።

በዚህ ምልክት ውስጥ የተጻፈውን ያህል ያልተጻፈውም መታየት ይገባዋል። የደንበኛው ስም የለም። የቤቱ አድራሻ የለም። ጧት ከቤት የሚቀበለው ሰው ሠላሳውን ደጅ በእግሩ ያውቃልና አይጻፍለትም። የሚጻፈው፣ ዕቃው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ተቀባዩ በራሱ ሊያውቀው የማይችለው ነገር ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ቢጻፍ በሃያ ሴኮንድ ውስጥ አንብቦ መለየት ባልተቻለ ነበር። ብዙ ሰው ሥርዓት አወጣለሁ ብሎ ሲነሣ ሁሉን ነገር ይጽፋል፤ ጥቂት ወራት ቈይቶም መዝገቡን የሚያነበው አይገኝም። የልብስ ሰፊውም መዝገብ እንዲሁ ነው፤ የደንበኛው ልክ፣ የሚወስድበት ቀንና የቀረው ሒሳብ በጨርቁ ላይ በተሰፋ ትንሽ ወረቀት ቢጻፍ ረዳቱ ሳይጠይቅ ይሠራል፤ ጌታው ቢታመምም ሱቁ አይዘጋም።

መምህሩ ይህን በክፍል ውስጥ ለማሳየት ብዙ ዕቃ አያስፈልገውም። ሠላሳ ጠጠሮች ወይም የበቆሎ ቈረቆንዳዎች ወስዶ በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ምልክት ያደርጋል፤ አንዱ ለወንበሩ ረድፍ፣ ሁለተኛው ለተቀማጩ ልጅ። ተማሪዎቹ በአራት ተከፍለው፣ ሳይነጋገሩ፣ ከእጅ ወደ እጅ እያስተላለፉ ያደርሳሉ። ከዚያ በኋላ ከአምስቱ ላይ አንዱን ምልክት ፍቆ እንደ ገና ያስጀምራል። በእነዚያ በአምስቱ ምክንያት ሠላሳው ሁሉ እንዴት እንደሚዘገይ ልጆቹ በዓይናቸው ያያሉ፤ የተፋቀው ምልክት የጠፋውን ጠጠር ብቻ ሳይሆን የሌሎቹንም ጊዜ ይበላልና።

ምልክቱ ብቻውን ግን አይበቃም። ሰው ይታመማል፤ ቢስክሌት ይሰበራል፤ በክረምት የቦምባይ ዝናብ መንገዱን ወንዝ ያደርገዋል። ስለዚህ ሃያ አምስት ያህል ሰዎች ባሉበት በእያንዳንዱ ቡድን ሁለት ወይም ሦስት ትርፍ ሰዎች ይገኛሉ። የራሳቸው ቋሚ ደንበኛ የላቸውም፤ የቀረውን ተክተው ይሠራሉ፤ የጐደለውን ይሞላሉ። እያንዳንዱም ሰው ከራሱ መንገድ ሌላ የጓደኞቹን መንገድ እንዲያውቅ ይደረጋል። ገንዘብን ብቻ የሚመለከት ነጋዴ እነዚህን ትርፍ ሰዎች በከንቱ የሚበሉ አድርጎ በቈጠራቸው ነበር። ዳሩ ግን የአንድ ሰው መታመም ሠላሳ ሰዎችን ያለ ምሳ የሚያስቀር ከሆነ፣ ደንበኛው የሚከፍለው ለመድረሱ ብቻ ሳይሆን ለአለመቅረቱም ነው።

ለደንበኞችም ሥርዓት አለ። ምሳ ዕቃውን በሰዓቱ ሳታቀርብ በየጊዜው የምታዘገይ ቤት ትመከራለች፤ ካልተመለሰች ትተዋለች። በአንዷ መዘግየት የሃያ ዘጠኙ ምሳ ባቡር ያመልጠዋልና። ደንበኛ ንጉሥ ነው በሚባልበት ገበያ ይህ ድፍረት ይመስላል፤ ነገር ግን ለሁሉ እሺ የሚል አገልጋይ በመጨረሻ ለማንም የማይደርስ ይሆናል። በዓመት አንድ ጊዜም ለመንደራቸው በዓል ለጥቂት ቀናት ሥራ ሁሉ ይቆማል፤ ደንበኞቹ አስቀድመው ስለሚያውቁት አያጉረመርሙም።

እስከዚህ የተነገረው ሥርዓት ነው። አሁን ማን ይህን ሥርዓት ያስጠብቃል የሚለው ጥያቄ ይመጣል። አምስት ሺህ ሰው በመቶ በሚቈጠሩ ጣቢያዎችና መንገዶች ተበትኖ ሲሠራ በያንዳንዱ ራስ ላይ ተቈጣጣሪ ቢቆም፣ የተቈጣጣሪው ደመወዝ ትርፉን ሁሉ በበላው ነበር።

በቀደመው ዘመን ሙካዳም የሚባሉት አለቆች የደንበኞቹ ባለቤቶች ነበሩ፤ ሌሎቹን በደመወዝ ያሠሯቸው ነበር። የደመወዝተኛው ነገር እንደ ልብስ ሰፊው ረዳት ነው፤ ምሳ ዕቃ ቢጠፋ የጌታው ኪሳራ ነው፤ ደንበኛ ቢጨመር የጌታው ትርፍ ነው። በኋላ ግን ይህ ተለወጠና እያንዳንዱ አመላላሽ የቡድኑ ባለ ድርሻ ሆነ። አሁን ያለው ደንብ እንዲህ ነው። የቡድኑ ሰዎች ከደንበኞቻቸው በወሩ የሚሰበስቡትን ገንዘብ በአንድነት ያገባሉ። ከዚያ ላይ የባቡሩ ክፍያ፣ የቢስክሌቱና የጋሪው ማደሻ፣ ለማኅበሩ የሚገባው ጥቂት መዋጮ ይነሣል። የቀረው በእኩል ይከፈላል። ሙካዳሙም ከሌሎቹ የሚበልጥ አይወስድም፤ እርሱ ራሱ ምሳ ዕቃ ይሸከማል፤ ሙካዳምነቱ ጠብ ስለሚያበርድ፣ አዲሱን ስለሚያስተምርና ሒሳቡን ስለሚይዝ ነው። ማኅበራቸው በ1956 በሕግ ተመዝግቧል፤ በቡድኖች መካከል የሚነሣውንም ክርክር በየወሩ ተሰብስበው ይፈርዳሉ። አንዱ ቡድን የሌላውን ደንበኛ በዋጋ አሳንሶ መውሰድ ነውር ነው።

አዲስ ሰው ወዲያውኑ ባለ ድርሻ አይሆንም። አስቀድሞ ለጥቂት ወራት በደመወዝ ይፈተናል። ከተወደደ በኋላ የወር ገቢውን ብዙ እጥፍ የሚሆን ገንዘብ ከፍሎ ድርሻውን ይገዛል፤ ቢስክሌቱን፣ የእንጨት ሣጥኑን፣ ነጭ ልብሱንና ነጭ ቆቡን ይዞ ይገባል። ይህ ክፍያ ለድኻ ከባድ ነው፤ ነገር ግን ያለ ምክንያት አልተደረገም። ድርሻውን በላቡ የገዛ ሰው በሥራ ሰዓት ጠጥቶ አይመጣም፤ ቢመጣም ጓደኞቹ ዝም አይሉትም፤ በእርሱ ጥፋት የሚሄደው ደንበኛ ከሁሉም ድርሻ ይቀነሳልና። ጠጥቶ መሥራት፣ ሳያስታውቁ መቅረት፣ ቆብ ሳይደፉ መምጣት መቀጫ አላቸው። መቀጫውን የሚያስከፍለው ግን ባዕድ ጌታ ሳይሆን ያው አብሮ የሚሸከመው ሰው ነው። አምስት ሺህ ተቈጣጣሪ ያለ ደመወዝ የተገኘው እንዲህ ነው።

እኩል መካፈል በአፍ ሲነገር ያማረ ነው፤ በሥራ ግን ብዙ ማኅበር ያፈረሰ ነገር እርሱ ነው። አንዱ ሃያ፣ ሌላው አርባ ተሸክሞ በወሩ መጨረሻ እኩል ቢካፈሉ በሁለተኛው ወር ባለ አርባው ይሄዳል። በቦምባይ ይህ ያልሆነው የእያንዳንዱ ሸክም ወደ ሠላሳ የቀረበ ስለ ሆነ ነው። ምልክቱና መንገዱ ሥራውን በልክ ከፋፍለውታል፤ ስለዚህ ገንዘቡን በእኩል መክፈል ተቻለ። ሥርዓቱ ባይኖር ድርሻው ጠብ በሆነ ነበር፤ ድርሻው ባይኖር ሥርዓቱ አለንጋ ያስፈልገው ነበር።

ለማስተማሪያ ያህል አንድ ሒሳብ ይቀመጥ። ቍጥሩ ለምሳሌ የተፈጠረ እንጂ ከቦምባይ የመጣ አይደለም። ዐሥራ ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው 30 ደንበኛ አላቸው፤ ጠቅላላው 360 ይሆናል። አንዱ ደንበኛ በወር 100 ብር ቢከፍል 36,000 ብር ይሰበሰባል። ወጪው 6,000 ብር ቢሆን 30,000 ይቀራል፤ ለእያንዳንዱ 2,500 ብር ይደርሰዋል። አሁን ዐሥራ ሦስተኛ ሰው ልግባ ይላል፤ ወጪውም በእርሱ ምክንያት በ500 ብር ይጨምራል። አዲስ የመጡት ደንበኞች 40 ከሆኑ ገቢው 40,000፣ ወጪው 6,500፣ የቀረው 33,500 ብር ነው፤ ለዐሥራ ሦስት ሲካፈል የአንዱ ድርሻ ወደ 2,577 ብር ይሆናል። የሰው መጨመር ለሁሉም ጠቀመ። አዲሶቹ ደንበኞች 10 ብቻ ከሆኑ ግን ገቢው 37,000፣ የቀረው 30,500 ብር ነው፤ ድርሻውም ወደ 2,346 ብር ይወርዳል። እንግዲህ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይፈልጉ፤ ዐሥራ ሦስተኛው ሰው የማንንም ድርሻ ሳይቀንስ ይገባ ዘንድ ስንት አዲስ ደንበኛ ያስፈልጋል? (30 ነው፤ በ29 እያንዳንዱ ከስምንት ብር ያነሰ ይጐድልበታል።) ይህን ሒሳብ ሳይቈጥር ዘመዱን በይሉኝታ ያስገባ ማኅበር ብዙ ነው። ደንበኛው ሞልቶ ሳለ ድርሻችን ይቀንስብናል ብሎ ደጁን የዘጋም እንዲሁ ብዙ ነው። ሁለቱም ሳይቈጥሩ ፈርደዋል።

ቡድኑ እጅግ ሲበዛ ደግሞ ይከፈላል። በ2010ዎቹ ዓመታት ሁለት መቶ ያህል ቡድኖች ነበሩ፤ እያንዳንዱ ደንበኞቹን ራሱ ይይዛል፣ ዋጋውን ራሱ ይቈርጣል፣ ሒሳቡን ራሱ ይዘጋል። ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው የሚያልፈው ምሳ ዕቃውና ምልክቱ ነው። ስለዚህ ሥራው ያደገው አንድ ሰው ትልቅ በመሆን ሳይሆን ትንንሾቹ በመብዛት ነው፤ ማሃዴዎ ባቼ ሲሞቱም ሥራው አብሮ አልተቀበረም።

ለኢትዮጵያ የገጠር ሰው ከዚህ ውስጥ አዲስ የሚሆንበት ከሚገመተው ያነሰ ነው። ዕድር ያለበት መንደር የአባላት መዝገብ፣ ዳኛ፣ ጸሐፊና በቀረ ሰው ላይ መቀጫ አለው፤ ድንኳኑንና ድስቱን ማን እንደሚይዝ፣ መቃብሩን በየተራ ማን እንደሚቈፍር ተጽፎ ይታወቃል። ዕቁብም በተወሰነው ቀን የተወሰነውን ገንዘብ መጣልን አስተምሯል። የሌለው፣ ይህን ሥርዓት ገንዘብ ወደሚያመጣ ሥራ ማሸጋገር ነው። ወፍጮ አቁመው በሽርክና የሚሠሩ አምስት ሰዎች በዕድራቸው መዝገብ የሚያኖሩትን ያህል ጥንቃቄ በወፍጮአቸው ላይ አያደርጉም። ስንት ቁና ተፈጨ፣ ስንት ነዳጅ ገባ፣ ማን በየትኛው ቀን ቆመ የሚለው በቃል ይቀራል። በዓመቱ መጨረሻም ትርፍ አለ የለም ተባብለው በሽማግሌ ይቀርባሉ። ሽማግሌዎቹ እንዲህ ያለ ክርክር ሲመጣላቸው ሸሪኮቹን ከማስማማታቸው በፊት በወፍጮው በር ላይ የሚሰቀል ሰሌዳ እንዲኖር ቢያዝዙ፣ በሁለተኛው ዓመት የሚመጣው ነገር የቀለለ ይሆናል። ወፍጮውን የሚያንቀሳቅሰው ቅጥር ልጅም ለጥቂት ዓመታት ከተፈተነ በኋላ ከደመወዙ እየተቈረጠ ስድስተኛ ባለ ድርሻ የሚሆንበት መንገድ ቢሰጠው፣ ከማዶው ወፍጮ ሊቀጠር የሚሄድበት ምክንያት አይኖረውም።

የቦምባዮቹን ነገር ያለ ነቀፋ ማመስገን ግን አይገባም። ከ16,000,000 ምሳ ዕቃ አንዱ ብቻ ይሳሳታል የሚል ቍጥር በዓለም ሁሉ ተወርቷል፤ ይህ ከጋዜጣ ወደ ጋዜጣ ሲተላለፍ የኖረ ወሬ እንጂ በቈጠራ የተረጋገጠ ነገር አይደለም። ስሕተታቸው እጅግ ጥቂት መሆኑ እውነት ነው፤ ለዚያ ግን የተጋነነ ቍጥር አያስፈልገውም። ደግሞም የሚገቡት ሰዎች አብዛኞቹ ከአንድ አካባቢና ከአንድ ወገን የመጡ ናቸው፤ የአንዱ ነውር በመንደሩ ይሰማልና መተማመኑ ቀሏል፤ ባዕድ ግን በቀላሉ አይገባም። ሴቶችም በመካከላቸው እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ገንዘቡም በየወሩ ተካፍሎ ስለሚያልቅ ለክፉ ቀን የሚጠራቀመው ጥቂት ነው።

ክፉው ቀን በ2020 መጣ። በመጋቢት ወር በኮሮና በሽታ ምክንያት የቦምባይ ባቡሮች ለሕዝብ ቆሙ፤ መሥሪያ ቤቶቹም ተዘጉ። ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ ሥራ በአንድ ሳምንት ቀጥ አለ። ምልክቱ አልተፋቀም፤ ድርሻውም አልፈረሰም፤ ነገር ግን ምሳ የሚላክለት ሰው በቤቱ ተቀምጦ ነበር። ብዙዎቹ ወደ መንደራቸው ተመልሰው እርሻ ያዙ፤ አንዳንዶቹም የቀን ሥራ ፈለጉ። ባቡሩ ከተከፈተ በኋላ የተመለሱት ከቀድሞው ቍጥር እጅግ ያነሱ ናቸው፤ ከሠራተኛውም ብዙው በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ መሥሪያ ቤት ስለሚሄድ ደንበኛው ቀንሷል። የተመለሱት ቡድኖች የጐደለውን ሰው መንገድ ተከፋፍለው ያዙ። አንዱ ጓደኛ ያቆመውን ሰፈር ሌላው በማግስቱ ሊይዘው የቻለው፣ በክዳኑ ላይ ያለው ቍጥርና ፊደል እርሱ ከመሄዱ በፊት እንደ ነበረ ሆኖ ስለ ቈየ ነው።